የለካ ይናገራል፦ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞቻችንና የውሃ መረጃ

በሜክሲኮ፣ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የተሰበሰብንበት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአንዲት ሩቅ አገር ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ወረራውን አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበር። አዲስ አበባ ለዚያ ውለታ አደባባይ ሰየመች፤ በሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ዛሬ ሜክሲኮን የማነሣት ግን ስለ ውሃ ነው። ሜክሲኮ ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር ኮሎራዶና ሪዮ ግራንዴ የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወንዞችን ትጋራለች። በኮሎራዶ የታችኛዋ አገር ናት። በሪዮ ግራንዴ ደግሞ ኮንቾስ የሚባለው ዋና ገባር የሚነሣው ከእርሷ ምድር ስለሆነ የላይኛዋን አገር ቦታ ትይዛለች። የሁለቱንም ወገን ጭንቀት የምታውቅ አገር ናትና ቆየት ብዬ እመለስባታለሁ።

ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ወንዞቻችን ድንበር ሲሻገሩ፣ ስለ ወንዞቹ ያለን መረጃ አብሯቸው ይሻገር ወይስ መዝገብ ቤት ይቀመጥ? የእኔ መልስ ይሻገር ነው። ይህን የምለው ለጎረቤት ውለታ ለመዋል ብቻ አይደለም። ወንዙን የለካና መዝገቡን የገለጠ አገር ስለ ራሱ ራሱ ይናገራል። ያልለካ፣ ወይም ለክቶ የደበቀ ግን ሌላው ይናገርለታል፤ ብዙ ጊዜም ይናገርበታል።

መረጃው ምንድን ነው?

መረጃ ስንል ብዙዎቻችን ኮምፒውተር ይታየናል። የወንዝ መረጃ የሚጀምረው ግን ከወንዝ ዳር ነው። ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ወንዙ ውስጥ ይተከላል፤ በአካባቢው የሚኖር ሰው ጠዋትና ማታ ወርዶ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር አንብቦ በደብተር ይመዘግባል። ባለሙያዎች በየጊዜው እየሄዱ የውሃውን ፍጥነት፣ የወንዙን ስፋትና ጥልቀት ይለካሉ። ከዚህ በመነሣት ሰሌዳው ይህን ያህል ሲያሳይ በሰከንድ ይህን ያህል ሜትር ኩብ ውሃ ያልፋል የሚል ስሌት ይወጣል። ጎርፍ የወንዙን ወለል ሲቆፍረው ወይም በደለል ሲሞላው ስሌቱ ይሳሳታል፤ እንደገና መለካት ግድ ይሆናል።

በዚህ ላይ ዝናቡ፣ ትነቱ፣ የውሃው ጥራትና የሚያጥበው አፈር ይጨመራል። አባይ ከደጋው እያጠበ ድንበር የሚያሻግረው አፈር በዓመት ከመቶ ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ይህ አፈር የጎጃምና የወሎ ገበሬ የእህል መሬት ነው፤ ሱዳን ሲደርስ ደግሞ የሮዛሪስን ግድብ የውሃ መያዣ የሚያጠብብ ደለል ነው። ስለዚህ የደለል ልኬት ለላይኛውም ለታችኛውም አገር ኪሳራን የሚያሳይ አንድ መዝገብ ነው። ግድብ ባለበት ወንዝ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት መረጃ ይመጣል፦ ግድቡ ዛሬ ምን ያህል ውሃ ይዟል? ነገ ስንት ተርባይን ይዞራል? የማስተንፈሻ በሮቹ መቼ ይከፈታሉ?

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የአንድ ቀን ቁጥር ለብቻው ብዙ አይናገርም። ድርቁ ያልተለመደ ነው ወይስ በየአሥር ዓመቱ የሚመጣ? ጎርፉ እየከፋ ነው? ይህን የሚመልሰው ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ሳይቋረጥ የተያዘ መዝገብ ነው። ዘንድሮ ያልተለካውን ውሃ ከርሞ በምንም ገንዘብ መለካት አይቻልም።

መዝገቡ የማን ነበር?

በካይሮ፣ በሮዳ ደሴት ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ የአባይ ሙላት መለኪያ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። የግብፅ ገዥዎች የዓመቱን ግብር የሚተምኑት የውሃውን ከፍታ አይተው ነበር። በቅኝ ግዛት ዘመን እንግሊዞች በግብፅና በሱዳን የመለኪያ ጣቢያዎችን አስፋፉ። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን የአባይን ውሃ ለሁለት ሲከፋፈሉ በእጃቸው የያዙት ይህን መዝገብ ነበር። አስዋን ላይ በዓመት በአማካይ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይደርሳል አሉ። ከዚያ 10 ቢሊዮኑን ለትነትና ለብክነት ትተው፣ 55.5 ቢሊዮኑን ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮኑን ለሱዳን ደለደሉ። ከውሃው 85 በመቶ የሚሆነው የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ነው፤ በድልድሉ ውስጥ ግን የኢትዮጵያ ስም የለም።

ከዚያ ጠረጴዛ ያገለለን ፖለቲካ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ያን ጊዜ በእጃችን የነበረውን መዝገብም እናስታውስ። አባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር ተከታታይ ልኬት የተጀመረው በዚያው በ1959 ገደማ ነበር። የአባይን ተፋሰስ በስፋት ያጠናው የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን ጥናቱ የተጠናቀቀው በ1964 ነው። ዛሬ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የቆመበት ቦታ በዚያ ጥናት ውስጥ ተመልክቷል። ለግድቡ መነሻ ከሆኑን ነገሮች አንዱ እንግዲህ የተለካ ወንዝ ነው። የለካንበትን ቀን ያህል ተጠቅመናል፤ ያልለካንበትን ዘመን ያህል ደግሞ ሌሎች በቁጥራቸው ሞግተውናል።

መረጃ ሲጎድል

በ2012 ዓ.ም. ሐምሌ የሕዳሴው ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ያዘ። የሱዳን የመስኖ ሚኒስቴር ድንበር ላይ ባለው የዴም ጣቢያ የአባይ ፍሰት በቀን 90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መቀነሱን ይፋ አደረገ። በካርቱም አንዳንድ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያዎች ወንዙ ከቧንቧቸው ስለራቀ ሥራ አቁመው ነበር። ያው ክረምት ሳይወጣ ደግሞ አባይ በካርቱም ከ17 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ብዙ ዘመን ያልታየ ጎርፍ አመጣ፤ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሱዳን የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀች። አንዲት አገር በአንድ ክረምት ውስጥ ውሃው ራቀን ብላ፣ ወዲያው ደግሞ ውሃው አጥለቀለቀን አለች።

የሮዛሪስ ግድብ ከሕዳሴው ግድብ በታች መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ የሚይዘው ውሃ የእኛ ግድብ ከሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በዚያ ግድብ በር ላይ የሚሠራው ሱዳናዊ መሐንዲስ ነገ ምን እንደሚመጣበት ካላወቀ፣ ውሃውን ይያዝ ወይስ ይልቀቅ ብሎ መወሰን አይችልም። የሕዳሴው ግድብ ጎርፍን ያበርዳል፣ በበጋም ፍሰቱን ያስተካክላል የምንለው እውነት ነው። ሱዳን ከዚህ የምታገኘው ጥቅም በእጇ የሚገባው ግን የውሃውን አለቃቀቅ አስቀድማ ስታውቅ ነው።

በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ ግድቡ በተመረቀ በሳምንታት ውስጥ፣ በሱዳንና በግብፅ የአባይ ዳር መንደሮች በውሃ ተጥለቀለቁ። ግብፅ ምክንያቱ ከሕዳሴው ግድብ የተለቀቀ ውሃ ነው አለች። የኢትዮጵያ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ግድቡ ጉዳቱን ቀነሰ እንጂ አላባባሰም ብሎ መለሰ። እንዲህ ያለ ክርክር በመግለጫ ሲካሄድ ዓለም የሚሰማው ድምፁ የበረታውን ነው። በየቀኑ የገባውና የወጣው ውሃ ማንም ሊያየው በሚችል ገጽ ላይ ቀድሞ ቢታተም ኖሮ፣ ለክሱ መልሱ ክሱ ከመነሣቱ በፊት ተሰጥቶ ይገኝ ነበር።

ነገሩን አባይ ላይ ብቻ አንወስነው። እዚሁ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ያለው አሮጌው ሆቴል የተጠራበት ዋቢ ሸበሌ ከባሌና ከአርሲ ደጋ ተነሥቶ ሶማሊያ ይገባል። ሶማሊያ ውስጥ ከወንዙ የሚገኘው ውሃ አብዛኛው የእኛ ደጋ ዝናብ ነው። የሶማሊያ መለኪያ ጣቢያዎች በእርስ በርስ ጦርነቱ ተቋርጠው ቆይተው እንደገና የተተከሉት በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ሸበሌ ሞልቶ በለደወይን የምትባለውን ከተማ ሲያጥለቀልቅ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። የጎርፍ ማዕበል ከደጋው ወርዶ፣ ጎዴን አልፎ በለደወይን እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። ያ ጊዜ እናት ልጆቿን፣ ገበሬም ከብቱን ይዞ ከፍታ የሚወጣበት ጊዜ ነው።

የገዛ ዜጎቻችንም በዚሁ ይድናሉ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ከደጋው ዝናብ ሞልቶ ሲመጣ፣ ወንዙ ቱርካና ሐይቅ ሊገባ በሚቃረብበት በደቡብ ኦሞ ከ360 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል። ለድንበር ማዶ ሰው የምንሠራው ማስጠንቀቂያ ድንበር ላይ ያለውን ኢትዮጵያዊ ቀድሞ ያገኘዋል።

ቃል የገባነው

መረጃ መለዋወጥ ለእኛ አዲስ ግዴታ አይደለም። በየካቲት 1991 ዓ.ም. በዳሬሰላም የተመሠረተው የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ እ.ኤ.አ. በ2009 ጊዜያዊ የመረጃ ልውውጥ ሥርዓት አጽድቋል። የኢኒሼቲቩ የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ በክረምትም ለአካባቢው አገሮች የጎርፍ ትንበያ ያዘጋጃል። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ በካርቱም የፈረሙት የመርሆዎች ስምምነት ሦስቱ አገሮች ለጋራ ጥናቱ የሚያስፈልገውን መረጃ በቅን ልቡናና በወቅቱ እንዲሰጣጡ ይላል። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ደግሞ ሰባተኛው አንቀጹ ስለ መደበኛ የመረጃ ልውውጥ ነው። ይህን ስምምነት ኢትዮጵያ በሰኔ 2005 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀችው። ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳና ብሩንዲ ተከተሉ፤ ደቡብ ሱዳን ስድስተኛ ሆና ካጸደቀችው በኋላ በጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ለዚህ ስምምነት ከአሥር ዓመት በላይ የደከምነው እኛ ነን። አንቀጹን በተግባር ማሳየትም ከእኛ ይጠበቃል።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

አሁን ወደ ሜክሲኮ ልመለስ። ሜክሲኮና ዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1944 የውሃ ውል ተፈራርመዋል። ውሉን የሚያስፈጽም የጋራ ኮሚሽን አላቸው፤ ኮሚሽኑ በየአገሩ አንዳንድ ክፍል አለው። በድንበሩ ወንዝ ላይ የውሃውን ልኬት ሁለቱ ወገኖች ይዘው ያመሳክራሉ፤ ቁጥሩም ለሕዝብ ይታተማል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ድርቅ ሲመጣ ጉዳቱን እንዴት እንደሚካፈሉ ተስማሙ። የኮሎራዶ ውሃ የሚጠራቀምበት የሚድ ሐይቅ ከተወሰነ ከፍታ በታች ከወረደ የሜክሲኮ ድርሻ በተወሰነ መጠን ይቀነሳል፤ የአሜሪካ ግዛቶችም ይቀነስባቸዋል ተባለ። በ2021 ሐይቁ ያን ያህል እንደሚወርድ ሲታወቅ ለ2022 ሜክሲኮ ከድርሻዋ 5 በመቶ ያህል ተቀነሰባት። ሐይቁ ያለው በአሜሪካ ምድር ነው፤ ከፍታውን ግን ማንም ሰው በየቀኑ ማየት ስለሚችል ቅነሳው ተንኮል ነው ብሎ መከራከር አይመችም።

ይህ ማለት እዚያ ጠብ የለም ማለት አይደለም። በሪዮ ግራንዴ ሜክሲኮ በየአምስት ዓመቱ ልትሰጥ የሚገባትን ውሃ ማድረስ አቅቷት ብዙ ጊዜ ተወቅሳለች። እ.ኤ.አ. በ2020 የቺዋዋ ግዛት ገበሬዎች ውሃችን አይሄድም ብለው ላ ቦኪያ የሚባለውን ግድብ ተቆጣጥረው ነበር። ነገር ግን በሁለቱ መንግሥታት መካከል ዕዳው ስንት ነው የሚለው ዋና ጥያቄ አይደለም፤ መዝገቡ አንድ ነውና። ይበልጥ የሚከራከሩት እንዴትና መቼ ይከፈል በሚለው ላይ ነው። የጋራ መረጃ ጠብን አያጠፋም፤ ጠቡን ከሐሜት አውጥቶ ወደ ውሳኔ ያመጣዋል።

ህንድና ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1960 በፈረሙት የኢንደስ ውል መሠረት የወንዝ መረጃ ይለዋወጡ ነበር፤ በ1965ና በ1971 ጦርነት ሲገጥሙም ውሉ አልፈረሰም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ህንድ ውሉን ስታግድ የጎርፍ መረጃው መቅረትም ፓኪስታንን አሳሰባት። በሜኮንግ ወንዝ ደግሞ የላይኛዋ አገር ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለታችኞቹ አገሮች በመደበኛነት መረጃ የምትሰጠው በጎርፍ ወቅት ብቻ ነበር። በድርቅ ጊዜ ወቀሳው ሲበረታ፣ በ2020 ዓመቱን ሙሉ ለመስጠት ተስማማች። ያን ያህል ኃያል አገርም ዝምታው እንደማያዋጣ ተረድታለች።

ስጋቶቻችን

የሚነሡትን ስጋቶች አውቃቸዋለሁ፤ በቁም ነገርም እመለከታቸዋለሁ። አንደኛው የደኅንነት ስጋት ነው። የግድብ ጥበቃ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍልና የኮምፒውተር ሥርዓት ምስጢር ነው፤ ምስጢርም ሆኖ ይኑር። የውሃ ከፍታ፣ ዝናብ፣ ፍሰት፣ ደለልና የሚለቀቅ ውሃ ግን ከዚያ የተለየ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ከሕዳሴው ግድብ ጀርባ የተኛውን ውሃ ዓለም ያየው ደመና በማያግደው የራዳር ሳተላይት ምስል ነው። ሰማይ ላይ ያለ ዓይን የሚያየውን ቁጥር መደበቅ ምንም አያስጥለንም። ሳተላይቱ የማያውቀው ነገ ልናደርግ ያሰብነውን ነው፤ ጎረቤት አብዝቶ የሚፈልገውም ይህን ነው፤ ልንሰጠው የምንችለውም እኛ ብቻ ነን።

ሁለተኛው፣ እነርሱ ሳይሰጡን እኛ ለምን እንሰጣለን የሚል ነው። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። የአስዋን ግድብ አያያዝ፣ የመስኖው አጠቃቀምና የትነቱ መጠን እኛም ልናውቀው የሚገባ ነው፤ ያለ ማመንታት እንጠይቅ። ነገር ግን በሩን ዘግቶ የሚጠይቅና በሩን ከፍቶ የሚጠይቅ እኩል አይሰማም። ሦስተኛው፣ ቁጥሩን በእኛ ላይ ይጠቀሙበታል የሚል ነው። ዝም ባልንበትም ጊዜ ተከሰናል። ልዩነቱ ዝም ስንል ለመከላከያ የምናቀርበው ማስረጃ አለመኖሩ ነው።

ከቤት እንጀምር

በአማራ ክልል በባህላዊ መስኖ የሚጠቀሙ ገበሬዎች የውሃ አባት ይመርጣሉ። የማን ተራ እንደሆነ፣ ውሃው መቼ እንደሚዞር በሁሉ ፊት ይናገራል። ከቦዩ ግርጌ ያለው ገበሬ ሌሊት ተነሥቶ የላይኛውን የማይጠብቀው ተራውን ስለሚያውቅ ነው። ለታላላቅ ወንዞቻችንም የሚያስፈልገን ይኸው ግልጽነት ነው።

ይህ ግን ከአገር ውስጥ መጀመር አለበት። የጥናት ጽሑፏን የምትሠራ ተማሪ የአንድ ወንዝ ፍሰት ለማግኘት የትብብር ደብዳቤ ይዛ ከቢሮ ቢሮ የምትዞር ከሆነ፣ ለካርቱምና ለሞቃዲሾ እናካፍላለን ማለት ይከብዳል። የዝናቡ መረጃ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የወንዙ በሌላ፣ የግድቡ በሦስተኛው ተቀምጦ ማስጠንቀቂያ በሰዓቱ አይደርስም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ከዋና ዋና ድንበር ተሻጋሪ ወንዞቻችን የመውጫ ጣቢያዎች የየቀኑ ልኬት ለሕዝብ ይታተም። ከሕዳሴው፣ ከተከዜና ከጊቤ 3 ግድቦች የሚለቀቀው ውሃ ሳምንታዊ ዕቅድ ለጎረቤት ባለሙያዎች አስቀድሞ ይነገር፤ ድንገተኛ ለውጥ ሲኖር በስልክ በሰዓቱ ይነገር። ስለ ሸበሌና ስለ ገናሌ ወንዞች ከሶማሊያ፣ ስለ ኦሞ ከኬንያ ጋር የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ይዘርጋ። ድንበር ላይ ባሉ ጣቢያዎች የሁለቱ አገር ባለሙያዎች አብረው ወርደው ይለኩ፤ አብሮ የለካ በቁጥር አይጣላም። ከሁሉ በፊት ደግሞ በዝናብና በጭቃ ወንዝ ወርዶ ሰሌዳውን የሚያነበው ሰው ደመወዙ በወቅቱ ይከፈለው፤ የሥራው ክብር ይነገረው። እርሱ አንድ ክረምት ካቋረጠ የሚኒስትሮች ስብሰባ የጎደለውን ሊሞላው አይችልም።

እዚህ ያላችሁ ተማሪዎች የውሃ ልኬትን ሙያ አትናቁት፤ አገራችን ብዙ ባለሙያ ይጎድላታል። ጋዜጠኞች ስለ አባይ ስትዘግቡ መግለጫውን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩንም ጠይቁ። በመንግሥት ኃላፊነት ላይ ያላችሁ ደግሞ በእጃችሁ ያለው መዝገብ የሕዝብ ሀብት መሆኑን አስቡ። ኢትዮጵያ ወንዞቿን በገዛ ገንዘቧ መገደብ እንደምትችል አሳይታለች። አሁን ደግሞ ወንዞቿን ለክታ በገሃድ የምታሳውቅ የመጀመሪያዋ የተፋሰሱ አገር ትሁን፤ ጎረቤቶቿም እንዲሁ እንዲያደርጉ ትጠይቅ። ይህን እንድትጠይቁና እንድትሠሩ አደራ እላለሁ።